ምዕራፍ 7፦ የሚጮኽ ሞተር፣ የማይሄድ ጎማ

ከቡሬ ወደ ሽንዲ ሁለት ሰውና አንድ ከረጢት ዩሪያ ጭኖ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ዳገት ሲጀምር ጆሮ ቢሰጡት ብዙ ይናገራል። ጤነኛ ከሆነ ሞተረኛው ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ድምፁም ጉዞውም አብረው ያድጋሉ። ፍሪሲዮኑ ካለቀ ግን ድምፁ ብቻውን ሽቅብ ይወጣል፤ ጎማው በነበረበት ያዘግማል። ሞተረኛው ነዳጅ ይጨምራል፣ ሞተሩ ይብስ ይጮኻል፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሳይነገረው ወርዶ በእግሩ ይያያዘዋል። "ሞተሩ ደከመ" ይባላል። ሞተሩ ግን አልደከመም፤ ጉልበቱን ወደ ጎማው የሚያደርስለት አጣ እንጂ።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ አድራሽ ነው፤ ስለ ፍሪሲዮንና በውስጡ ስለሚነዱት ሸራዎች። ሸራ መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም። እጁ የለመደ መካኒክ ምሳ ሳይደርስ ይጨርሰዋል፤ የሚጠይቀውም መሣሪያ ጥቂት ነው። የሚከብደው ሸራው ለምን እንዳለቀ ማወቁ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ሒሳብ ይከፈላል፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ያው ሞተር እዚያው ጋራዥ በር ላይ ይቆማል። ባለቤቱ ዕቃ ሻጩን ይረግማል፣ ሻጩ ቻይናን፣ መካኒኩ መንገዱን። ሸራው እዚህ ውስጥ ተበዳይ ነው፤ በዳዩ ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

ሽንዲ የወምበርማ ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው በቆሎና በርበሬ የሚታፈስበት ስለሆነ የሰዉ እንቅስቃሴ ከእህሉ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከቀበሌ ቀበሌ፣ ነጋዴው ከገበያ ገበያ፣ ታማሚው ከጎጥ ወደ ጤና ጣቢያ። መኪና በማይገባበት ሞተር ይገባል። እንግዲህ ለአንድ ሰው፣ ቢበዛ ለሁለት የተሠራ 100 ወይም 125 ሲሲ ሞተር በጭቃና በኮረት ላይ የቤተሰብ ሸክም ይሸከማል ማለት ነው። በገጠሩ ከሚታዩት የቻይና ሞተሮች ብዙዎቹ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያወጣውን የሲጂ 125 ንድፍ የተከተሉ ናቸው። ሆንዳ ያን ሞተር የነደፈው በታዳጊ አገሮች ሞተር ሳይክል እንዴት እንደሚያዝ፣ ዘይቱ በጊዜው እንደማይቀየርና ከልኩ በላይ እንደሚጫን አይቶ ስለነበር፣ ችላ ቢባልም ቶሎ የማይወድቅ አድርጎ ነው። ችላ መባልን የማይችለው አንዱ ክፍሉ ፍሪሲዮኑ ነው።

የቀኙ የሞተር ክዳን ሲነሳ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ክብ ነገር እሱ ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ውጪኛውን ቤት ነው፤ አሉሚኒየም ሆኖ ጎኑ በቁመት የተሰነጣጠቀ። ከማርሽ ዘንግ ጋር የተያያዘው ደግሞ መሐል ላይ ያለው እምብርት ነው። ሸራዎቹ ጆሮ ጆሮ አላቸው፤ ጆሯቸው በቤቱ ስንጥቆች ውስጥ ይገባል። በሸራዎቹ መካከል የሚገቡት የብረት ዲስኮች ደግሞ በውስጥ ጥርሳቸው እምብርቱን ይይዛሉ። አንድ ሸራ፣ አንድ ብረት፣ እንደገና ሸራ እየተባለ ይደረደርና መጫኛው ዲስክ በሞላዎች ተገፍቶ ሁሉንም አጣብቆ ይይዛል። መጨበጫው ሲሳብ ገመዱ ሞላዎቹን ያሸንፋል፤ ዲስኮቹ ይላቀቃሉ፤ ሞተሩ ለብቻው ይዞራል። ሲለቀቅ ሞላዎቹ መልሰው ያጣብቋቸዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዘይት ውስጥ ነው። ብዙ ዲስኮችን ደርድሮ በዘይት ነክሮ የማሠራትን መንገድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ካስፋፉት አንዱ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄል ሾው ነው። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅም የሚጠቀመው ይኸንኑ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የሚባለው አብዛኛው ለባጃጅ ሾፌሮችም ይሆናል።

ዘይት ያንሸራትታል፤ ታዲያ የሚያንሸራትት ነገር ውስጥ የተነከረ ሸራ እንዴት ጉልበት ያስተላልፋል? መልሱ ብዛቱ ላይ ነው፤ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተመረጡ ናቸው፤ ከእውነተኛ 125 ሲሲ ሞተር ግን ሩቅ አይደሉም። ሞተሩ ቢበዛ 10 ኒውተን ሜትር ያህል የመጠምዘዝ ጉልበት ይሰጣል። ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ ሲሄድ ፍጥነቱ በአራት እጥፍ ግድም ስለሚቀንስ ጉልበቱ በዚያው ልክ ያድጋል፤ ፍሪሲዮኑ መሸከም ያለበት 40 ኒውተን ሜትር ነው። አራት ሞላዎች እያንዳንዳቸው በ25 ኪሎ ቢጫኑ አንድ ኩንታል፣ በኒውተን 1,000 ግድም ይሆናል። በዘይት የተነከረ ሸራ የሰበቃ አቅሙ ከተጫነው ክብደት አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። አምስት ሸራ አሥር ፊት አለው። የዲስኮቹ አማካይ ራዲየስ 4.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጠቅላላ አቅሙ 45 ኒውተን ሜትር ይመጣል። መሸከም ያለበት 40፣ መሸከም የሚችለው 45። ትርፉ ያቺው ናት።

አሁን ሸራው ይለቅ። ከእያንዳንዱ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ የሦስት ወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ስለሆነ በዓይን አይያዝም። አምስቱ ሲደመሩ ግን ድርድሩ 1.5 ሚሊ ሜትር ሳሳ ማለት ነው። ሞላዎቹ በዚያው ልክ ይለቃሉ። አንድ ሞላ ሲገጠም 10 ሚሊ ሜትር ተጨቁኖ ከነበረ አሁን የተጨቆነው 8.5 ብቻ ነው፤ ግፊቱ በ15 ከመቶ ወረደ። 45 የነበረው 38 ሆነ። ፍሪሲዮን የሚንሸራተተው ሸራው ተበልቶ ስላበቃ ይመስለናል፤ ገና ብዙ ሥጋ እያለው ነው ግን የሚንሸራተተው። የደከመው የሞላው ጭነት ነው።

የምዕራብ ጎጃምን ሞተረኛ በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ፤ የፋብሪካ መመሪያዎች የማይጽፉት። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው በአምስተኛ ያህል ያንሳል። 40 ያልነው 32 ብቻ ሆነ። ስለዚህ ደጋው በሽታውን ይደብቃል፤ ልኩ ላይ የደረሰ ሸራ ሽንዲ ሜዳ ላይ ምንም ሳይል ሊሄድ ይችላል። ያው ሞተር ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሞተሩ ጉልበት ይጨምራል፣ ሲመለስ ደግሞ ከሸለቆው ግርጌ ጀምሮ ያ ሁሉ ዳገት ይጠብቀዋል። ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ወርዶ ሲወጣ ድንገት "ፍሪሲዮን ጨረሰ" የሚባለው ሞተር በአብዛኛው የጨረሰው ቀደም ብሎ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ደጋው ላይ፣ ባዶውን፣ መንሸራተት የጀመረ ፍሪሲዮን ካጋጠመ ሸራው ልኩን አልፎ ሄዷል፣ ወይም ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት ምን ይሆናል? አንደኛ ተጠርጣሪዬ የገመዱ መወጠር ነው፤ ከቀሩት ሁሉ በላይ ሸራ የሚፈጀው እሱ ይመስለኛል። መጨበጫው ጫፉ ላይ ሲነካ ምንም ሳይጎትት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መወዛወዝ አለበት፤ በብዙዎቹ የሆንዳ ዓይነት ሞተሮች ልኩ ይኸው ነው። ይህ ላላ ማለት ብዙ ሰው አይወደውም፤ ያረጀ ነገር ይመስለዋል። "አጥብቅልኝ" ይላል፤ ጎረምሳው መካኒክም ያጠብቅለታል። የተወጠረ ገመድ መጨበጫው ባይነካም ሞላዎቹን በጥቂቱ ይዞ ይውላል፤ ሸራዎቹም ግማሽ ተጣብቀው ግማሽ ተንሸራትተው ይከርማሉ። አስቸጋሪው ነገር ሸራው በሳሳ ቁጥር ገመዱ ራሱ ወደ መወጠር መሄዱ ነው፤ መጫኛው ዲስክ ገመዱ ከሚያንቀሳቅሰው ገፊ ጋር እየተቀራረበ ይመጣል። መጀመሪያ በላላው ቦታ የነበረው ትርፍ ያልቃል፣ ከዚያ ገመዱ መያዝ ይጀምራል፣ ከዚያ መበላቱ ይፈጥናል። በየጊዜው ገመድ የሚያላላ ሰው ያለ አንዳች ወጪ የሸራውን ዕድሜ ያራዝማል።

ሁለተኛው እጅ ነው። መንዳት የተማሩት ገበያ መንገድ ላይ የሆኑ ብዙ ሞተረኞች ሁለት ጣታቸውን መጨበጫው ላይ ጥለው ይነዳሉ። ዳገት ላይ ሰው ሲያወሩ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ በግማሽ ፍሪሲዮን ሞተሩን አንጠልጥለው ያቆሙታል። በክረምት ጭቃ ውስጥ ማርሽ ቀንሶ በዝግታ ከመውጣት ይልቅ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ አስጩኾ ፍሪሲዮን በመልቀቅና በመያዝ መውጣት ይቀናል። ከሞተሩ ከሚወጣው 5 ኪሎ ዋት አንድ አምስተኛው መንሸራተት ላይ ቢቀር 1 ኪሎ ዋት ሙቀት ነው፤ አንድ ዓይን ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሰጠውን ያህል፣ እዚያች ጠባብ ክዳን ውስጥ። ጭቃው ውስጥ አምስት ደቂቃ የተያያዘ ሸራ በአስፋልት ወራት ከሚበላው በላይ ሊበላ ይችላል።

ሦስተኛው ዘይት ነው። ፎር ስትሮክ በሆኑት ሞተሮች ላይ ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። የመኪና ዘይት ፋብሪካዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ በተለይ ቀጫጭን ዘይቶች ላይ የሚጨምሩት ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም አለ፤ ለመኪና ጥሩ ነው፣ በዘይት ለሚነከር ፍሪሲዮን ግን ጠር ነው። የጃፓን አውቶሞቢል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1998 ጃሶ የተባለውን የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ያወጡት ለዚህ ነው። ዕቃው ላይ "ኤምኤ" የሚል ምልክት ካለ ለእንዲህ ያለው ፍሪሲዮን ይሆናል፤ "ኤምቢ" የሚል ካለ ደረቅ ፍሪሲዮን ላላቸው ስኩተሮች ነው። ምልክቱ ከሌለ ቢያንስ 20 ደብሊው 50 ዓይነት ወፍራም ዘይት ከቀጫጭኑ "ነዳጅ ቆጣቢ" ዘይት ይሻላል። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉት፣ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ግቢ የምናውቃቸው ቱ ስትሮክ ሞተሮች የማርሽና የፍሪሲዮን ዘይታቸው ለብቻ ነው። ከቤንዚን ጋር የሚነደውን ዘይት በየቀኑ የሚያይ ሰው ያኛውን ለዓመታት የሚረሳው በዚህ የተነሣ ነው።

ስለ መሥሪያ ቤት ሞተር ከተነሣ አይቀር፤ የግል ሞተር ሲንሸራተት ባለቤቱ ያቆመዋል። የመሥሪያ ቤት ሞተር ግን ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ግዥ እስኪጸድቅ ድረስ እየተንሸራተተ ይሠራል፤ ፕሮፎርማው ሲያልቅ የሚገዛው ሸራ ብቻ የነበረው የብረት ዲስክና ሞላም ሆኖ ይጠብቃል።

ክዳኑን ከመፍታት በፊት ችግሩ በእርግጥ መንሸራተት መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ፍሪሲዮን ሁለት ተቃራኒ ሕመም አለው። መንሸራተት አንዱ ነው። ሌላው አለመልቀቅ ነው፦ መጨበጫው ሙሉ ተይዞ እያለ ሞተሩ ወደፊት ይጎትታል፣ ቆሞ እያለ ፎሌ ማግኘት ትግል ይሆናል፣ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ጓ ይላል። ለሁለተኛው ብዙ ጊዜ ተጠያቂው በጣም የላላ ገመድ፣ የተጣመመ የብረት ዲስክ ወይም የተቦረቦረ ቤት ነው፤ አዲስ ሸራ አያድነውም። መንሸራተቱን ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዱ ነዳጁን በአንድ ጊዜ መክፈት ይበቃል። ትንሽ ማርሽ ላይ ሞተሩ ቶሎ ስለሚያመልጥ ሕመሙ አይታይም፤ ትልቅ ማርሽ ላይ ግን ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ይጋለጣል። ከዚያ በኋላ ገመዱን አላልቶ መሞከር ነው። መንሸራተቱ ከቆመ ምንም መፍታት አያስፈልግም። አንድ ጥሩ መካኒክ ሞተሩን ሳይነካ መጀመሪያ የሚጠይቀው፦

"ጋሼ፣ ይህን ገመድ መቼ ነው ያጠበቁት? ዘይቱንስ ምን ሞሉበት?"

ሁለቱ ጥያቄዎች ከተመለሱ ግማሹ ሥራ አልቋል።

አሁን እንክፈተው። ሞተሩ ሞቅ እያለ ዘይቱ ይደፋል፤ ሲሞቅ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። የዘይቱ ሽታ ራሱ ይመሰክራል፤ የነደደ ሸራ ያለበት ዘይት የተለየ የጭስ ሽታ አለው። ከዚያ የመርገጫው እጀታ ይወጣል፣ መንገድ የሚዘጋ የእግር ማሳረፊያ ካለ ይነሣል፣ ገመዱ ከክዳኑ ይላቀቃል። የክዳኑ ብሎኖች በአብዛኛው በ8 ቁልፍ ይፈታሉ። ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ የገጠመ ሰው አሉሚኒየሙን ይሰነጥቃል። ስለዚህ አንድ የካርቶን ቁራጭ ላይ የክዳኑን ቅርጽ ስሎ፣ ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው ቦታ ቦታቸው ላይ መሰካት ዘመን ያስቆጠረና የማይከሽፍ ዘዴ ነው። ክዳኑ ከተጣበቀ በእንጨት እጀታ ዙሪያውን መምታት እንጂ ካቻቢቴ በመካከል አስገብቶ መፈልቀቅ አይገባም፤ አንዴ የተቧጨረ ፊት ዕድሜውን ሙሉ ዘይት ያነባል።

የሞላዎቹ ብሎኖች አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው በመሄድ አይፈቱም። በመስቀል፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ነው። አለዚያ መጫኛው አንድ ጎኑ ቀድሞ ይለቅና የእምብርቱን ቀጭን ምሰሶዎች ያጣምማል። ከዚህ በኋላ ሁለት ዓይነት አሠራር ይገጥማል። በአንዱ ዓይነት መጫኛው ውጪ ስለሆነ ዲስኮቹ ወዲያው ተጎትተው ይወጣሉ። በሌላው ዓይነት መጫኛው ከኋላ ስለሆነ እምብርቱ ራሱ መውጣት አለበት፤ እሱን የሚይዘው የመቆለፊያ ቀለበት ወይም አራት ጥርስ የተቆረጠለት ክብ ዳዶ ነው። ለዳዶው የሚሆን ቁልፍ የሌለው ጋራዥ በመዶሻና በስል ብረት ሲመታው ይታያል። ዳዶው ይፈታል፤ የማርሽ ዘንጉ ኩሽኔታ ግን ምቱን ይቆጥራል። ያረጀ ቱቦ ጫፉን በሞረድ አራት ጥርስ አውጥቶ ቁልፍ መሥራት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ዲስኮቹ በቅደም ተከተላቸው ጨርቅ ላይ ይዘርጉ። አሁን ነው ማንበብ የሚጀመረው። ሸራው ጠቁሮ እንደ መስታወት ካንጸባረቀ በግማሽ ፍሪሲዮን ብዙ ነድዷል፤ ውፍረቱ ልክ ቢሆንም መያዝ ትቷል። ጠርዙ ከተቆራረሰ ወይም ከብረቱ ላይ ከተላጠ ዕቃው ደካማ ነበር፣ ወይም ከመጠን በላይ ሞቋል። የብረት ዲስኮቹ ላይ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ጥላ ከታየ የሙቀት ምልክት ነው፤ እንዲህ ያለ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ተጣምሟል። ውፍረቱ በካሊፐር ሦስት አራት ቦታ ይለካል። ለትናንሽ ሞተሮች አዲስ ሸራ 3 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ መጣያው ልክ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ2.6 እስከ 2.8 ይሆናል። በዓይን "ገና ነው" የሚባለው ሸራ የሚያታልለው በዚህች ጠባብ ልዩነት ነው። የብረት ዲስኩን መጣመም ለማየት የጋራዡ የግድግዳ መስታወት ስባሪ ይበቃል፤ ዲስኩን ጠፍጣፋው መስታወት ላይ አስተኝቶ ከሥሩ ስስ መለኪያ ምላስ ማስገባት ነው። በብዙ መመሪያዎች 0.2 ሚሊ ሜትር የሚያስገባ ዲስክ ይጣላል። ሞላዎቹም ከአዲስ ሞላ ጎን ይቁሙ፤ ያጠሩት ሳያፍሩ ይለያሉ።

ከሁሉ የሚረሳው የቤቱ ስንጥቅ ነው። የሸራዎቹ ጆሮ በእያንዳንዱ የነዳጅ መክፈትና መዝጋት አሉሚኒየሙን ይመታል፤ ከጊዜ በኋላ ጎድጓዳ ጥርሶች ይቆፍራል። ጣት ሲያልፍበት ይቆረቁራል። አዲስ ሸራ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጆሮውን ሰክቶ ይቀራል፤ መጨበጫው ሲሳብ አይለቅም፣ ሲለቀቅ ደግሞ እየዘለለ ይይዛል። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ በጥሩ ሞረድ በእኩል ማስተካከል ይቻላል፤ ጥልቅ ከሆነ ቤቱ ራሱ ይቀየራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ገንዘቡን ይሰስታል። እኔ ግን በተቦረቦረ ቤት ውስጥ ውድ ሸራ ከማስገባት የተስተካከለ ቤት ውስጥ መካከለኛ ሸራ ማስገባት ይሻላል ባይ ነኝ።

ለመቆጠብ ሲባል የሚደረጉ ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንዱ ከሞላው ሥር ሮንዴላ መጨመር ነው። ግፊቱ ይጨምራል፤ ለጥቂት ሳምንታትም ይሠራል። ግን መጨበጫው ይከብዳል፣ ገመዱ ይበጠሳል፣ አንዳንዴ ሞላው ከመጠን በላይ ተጨቁኖ ሽቦው ከሽቦው ስለሚነካካ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ያቅተዋል። ሌላው ያንጸባረቀውን ሸራ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው። መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው ቤቱ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ያለፈ ግን የቀረችውን ውፍረት በገዛ እጅ መላጥ ነው። ሁለቱም በጨለማ ከዓባይ ሸለቆ ለመውጣት እንጂ ለክረምቱ በሙሉ አይሆኑም።

ዕቃ ሲገዛ አሮጌውን ሸራ ይዞ መሄድ ያዋጣል፤ ከአዲስ አበባ ድረስ በሰው እጅ የሚያስመጣም ቢሆን የአሮጌውን ፎቶ ከመላክ ራሱን ቢልክ ይበጀዋል። የጆሮው ብዛትና ስፋት፣ የውስጡና የውጪው ዲያሜትር፣ ውፍረቱ አንድ መሆን አለባቸው። በግማሽ ሚሊ ሜትር የሰፋ ጆሮ አይገባም፤ የጠበበው ይገባና ቤቱን ይቦረቡራል። ሞላም አብሮ ይገዛ። የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው፤ ቀደም ብለን ያሰላነው 45 የሚመለሰው ግን በሸራው ብቻ አይደለም።

አዲሱ ሸራ ደረቁን አይገባም። ንጹሕ ሰፋ ያለ ሣህን ውስጥ፣ ለሞተሩ በሚሞላው ዘይት፣ ቢቻል ሌሊቱን፣ ካልሆነም ጥቂት ሰዓታት ተነክሮ መቆየት አለበት። ደረቁን የገባ ሸራ ገና በመጀመሪያው ዳገት ፊቱ ይነዳል። አገጣጠሙ ሸራ ጀምሮ ሸራ ይጨርሳል፤ ሁለት ብረት አንድ ላይ ከመጣ ስሕተት ተሠርቷል። የብረት ዲስኮቹ በማተሚያ ሲቆረጡ አንድ ጠርዛቸው ስል፣ ሌላው ክብ ይሆናል፤ ሁሉም ስሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙር። የሞላዎቹ ብሎኖች በ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ልክ ይጠብቃሉ፤ 10 ኒውተን ሜትር ግድም፣ ማለትም በአጭር ቁልፍ በእጅ አንጓ ጉልበት። በረጅም ቁልፍ በሙሉ ክንድ ያጠበቀ ሰው የእምብርቱን ምሰሶ ይሰብርና እንደገና ዕቃ ፍለጋ ይላካል።

ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት የሚሠራ አንድ ነገር አለ፤ ከሥራው ሁሉ ይህን የሚዘል መካኒክ ብዙ ነው። የተበላው ሸራ የት ሄደ? ዘይቱ ውስጥ። በሲጂ ዓይነት ሞተር ላይ ከፍሪሲዮኑ ጎን፣ በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ፣ እየዞረ ቆሻሻን በጉልበቱ ወደ ጎን የሚወረውር ትንሽ ማጣሪያ አለ። የማጣሪያው ክዳን ሲከፈት ውስጡ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ወፍራም ነገር ይገኛል፤ በጣት ሲዛቅ ይወጣል። ከሥር ያለው የወንፊት ማጣሪያም በሸራ ብናኝ ይደፈናል። ሁለቱ ካልጸዱ አዲሱ ዘይት ከአሮጌው ሸራ ጋር ይደባለቃል፤ የተደፈነው ወንፊት ደግሞ የሞተሩን ራስ ዘይት ያስጠማል፤ ያኔ ሂሳቡ የሸራ ብቻ አይሆንም። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። ሲሊኮን ተመራጭ የሆነው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ በዛ ተደርጎ ከተቀባ ወደ ውስጥ ያበጠው ጠርዝ ተቆርጦ ያንኑ ወንፊት ይዘጋዋል። ዘይቱ 1 ሊትር ግድም ይበቃዋል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን የመለኪያው ዘንግ ነው።

ገመዱ መጨረሻ ይስተካከላል፤ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ላላ። ሞተሩ ተነሥቶ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሙሉ ሲታጠፍ ድምፁ መለወጥ የለበትም፤ ከተለወጠ ገመዱ አንድ ቦታ ተጣብቋል ወይም አጭር ነው። ቀጥሎ ማርሽ አስገብቶ ጥቂት መቶ ሜትር መንዳትና ፎሌ በቀላሉ መግባቱን ማየት፣ ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጁን መክፈት። አዲስ ሸራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከብረቱ ጋር ይተዋወቃል፤ ከባድ ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ለጊዜው ይቆየው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሸራዎቹ ፊታቸው ስለሚስተካከል ገመዱ በጥቂቱ ይወጠራል፤ ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ላላውን መለካት ይገባል። ባለቤቱ ሞተሩን ሊወስድ ሲመጣ ሁለቱን ጣቶቹን የት እንደሚያሳርፍ ልብ ማለትም ጥሩ ነው። መጨበጫው ላይ ካሳረፋቸው፣ መካኒኩ ገመዱን ሌላ 5 ሚሊ ሜትር ቢያላላለት አይከፋም።